አውራና ሴት ዶሮ መርጦ የሚፈለገውን የላባ ቀለም በዘር ማስቀጠል፦ ለጅማና ለአካባቢዋ አርቢዎች የቀረበ ዝርዝር መመሪያ

በጅማና በዙሪያዋ ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያቀርቡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ለበዓል የሚፈለገውን ቀይ ባለ ድርብ ኩክኒ አውራ ከሂርማታ መርካቶ በውድ ዋጋ ገዝተው፣ ከሴት ዶሮዎቻቸው ጋር ቀላቅለው፣ ወራት ጠብቀው ሲያዩ ጫጩቶቹ ጥቁር፣ ገብስማ ወይም ነጠላ ኩክኒ ሆነው ያድጋሉ። አውራውን ሸጠው ሌላ ይገዛሉ፤ ውጤቱ ግን አይለወጥም። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አውራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። የጫጩቶቹ አባት ማን እንደሆነ በእርግጥ ስላልታወቀ፣ እንዲሁም ዶሮ በላባው ላይ የሚያሳየውና ለልጆቹ የሚያወርሰው ነገር አንድ ስላልሆነ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። በተለይ ደረጃ 4ን የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ በትክክል ቢሠራ እንኳ ያገኘውን ውጤት ሊያምነው አይችልም።

ደረጃ 1፦ ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

ማጎሪያውን ሥሩ

ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለማዳቀያ፣ ሌላው ለተቀሩት ዶሮዎች ይሆናል። ሦስተኛ ትንሽ ክፍል ካላችሁ አዲስ የገዛችሁትን ዶሮ ለብቻው ለማቆየት ይጠቅማል። ጎኖቹን በሽቦ ወይም በተጠጋጋ ቀርከሃ አጥሩ፤ ላዩንም ሸፍኑ። የላዩ ሽፋን ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ከመከላከሉ በላይ የጎረቤት አውራ በአጥር ዘሎ እንዳይገባ ያደርጋል። በጅማ ግቢዎች አጥሩ ብዙ ጊዜ የዛፍና የቁጥቋጦ ስለሆነ የአንዱ ቤት አውራ በሦስት ቤት ሲዞር ይውላል፤ የብዙ ሰው ድካም ከንቱ የሚቀረውም በዚሁ ነው።

ለወለሉ ደረቅ ጭድ ወይም ሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፉ። የቡና ገለፈት በቅርብ ስለሚገኝ ብዙዎች ይጠቀሙበታል፤ ነገር ግን በደንብ ካልደረቀ በእኛ የዝናብ ወቅት ቶሎ ይሻግታል፤ የሻገተ ጉዝጓዝ ደግሞ የዶሮን ሳንባ ይጎዳል። እርጥበቱን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ፈትሹ፤ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ አውጡት።

መዝገብና ምልክት አዘጋጁ

አንድ ደብተር፣ እርሳስ፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው የእግር ቀለበቶችና የእጅ ባትሪ ያዙ። ቀለበት ካጣችሁ ባለ ቀለም የሹራብ ክር ላልቶ ቢታሰር ያገለግላል፤ ነገር ግን የጫጩት እግር በፍጥነት ስለሚወፍር በየሳምንቱ አላሉት። የተረሳ ክር እግርን ቆርጦ ይገባል።

ጤናን አስቀድሙ

አዲስ ዶሮ ከገበያ ስታመጡ ቢያንስ 14 ቀን ለብቻው አቆዩት። ፈንግል አንድ ጊዜ ከገባ ለዓመታት የመረጣችሁትን ዘር በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል። ክትባቱ በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በአካባቢያችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ ጎረቤቶቻችሁን አስተባብራችሁ በአንድ ቀን አስከትቡ። የታመመ፣ ያስነጠሰ ወይም አረንጓዴ የሚያስቀምጥ ዶሮ በለይቶ ማቆያው ካያችሁ ወደ መንጋው አታስገቡት፤ ወደ ገበያም መልሳችሁ አትውሰዱት።

ደረጃ 2፦ አንድ ግብ ብቻ ምረጡ

ቀለም፣ ኩክኒ፣ የእንቁላል ብዛትና የሰውነት ክብደት በአንድ ጊዜ ለማሻሻል የሚነሣ አርቢ በአንዱም አይሳካለትም። ግባችሁን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ቀይ ወንዶችን ማግኘት» ብላችሁ። ከዚያ በኋላ በየወቅቱ የምትመርጡት ዶሮ ለዚህ ግብ የሚያገለግል ይሁን።

ደረጃ 3፦ አውራውንና ሴቶቹን መርምራችሁ ምረጡ

ቀለም የመጨረሻው መመዘኛ ነው

ዶሮውን በእጃችሁ ይዛችሁ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

1. ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ደረቅ፣ ኩክኒው ደማቅ ቀይ መሆኑን እዩ።
2. የደረቱን አጥንት በጣታችሁ ዳሱ፤ የጎበጠ ወይም ወደ ጎን የዞረ ከሆነ ተዉት።
3. የእግሩ ጣቶች ቀጥ ያሉ መሆናቸውን እዩ። የተጣመመ ጣት አንዳንድ ጊዜ ከአያያዝ ይመጣል፤ ሆኖም ለዘር የሚቆይ ዶሮ ላይ ቦታ የለውም።
4. የእግሩ ቅርፊት ተነሥቶ ከሻከረ በቅርፊት ሥር የሚኖር ጥቃቅን ተባይ አለበት፤ ሳይታከም ወደ ማዳቀያ አይግባ።
5. ላባውን በተለይ ከጭራው ሥር ገልጣችሁ ቅማል ፈልጉ።

ለሴቷ ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ቀጫጭን አጥንቶች ዳሱ። በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ በመጣል ላይ ያለች ዶሮ ናት። ቢያንስ 7 ወር ያልሞላትን ቄብ ለዘር አትቸኩሉባት፤ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ትንንሽ ስለሆኑ ጫጩቶቻቸውም ደካማ ይሆናሉ። ለአውራው ከ8 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ዕድሜ ጥሩ ነው። ለአንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃል። ቀለም ለማጥናት ከሆነ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሴት ብቻ መድቡለት፤ እናትየዋን ለይቶ ማወቅ ከጫጩት ብዛት ይበልጣል።

ዝምድናን ጠይቁ

አባት ከልጁ፣ ወይም ወንድም ከሙሉ እህቱ ሲገናኝ የሚወለደው ጫጩት ከሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ዘረመል (መልክንና ጠባይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፈውን የዘር ቅንጣት) የመውረስ ዕድሉ በ25 ከመቶ ያድጋል፤ በአንድ ወላጅ ብቻ ለሚገናኙ ወንድምና እህት 12.5 ከመቶ ነው። የሚያስከትለው ጉዳት መጀመሪያ በላባ ላይ አይታይም፤ የሚታየው እንቁላል ውስጥ በሚሞቱ ጫጩቶችና በቀነሰ እንቁላል ነው። ስለዚህ አውራውን ከሌላ አካባቢ፣ ለምሳሌ ከአጋሮ፣ ከሰቃ ወይም ከሰርቦ በኩል አምጡ፤ ከምትተማመኑበት አርቢ ጋር አውራ መለዋወጥ ከገበያ ከመግዛት ይሻላል፤ ምክንያቱም እናቱን ማየት ትችላላችሁ።

ድቅል ዶሮን ለዘር አትያዙ

ቦቫንስ ብራውንን የመሰሉ የእንቁላል ዶሮዎች ሆን ተብለው ከተለያዩ የወላጅ መስመሮች የተዳቀሉ ናቸው። ልጆቻቸው በቀለምም ሆነ በእንቁላል ብዛት እናታቸውን አይተኩም። ይህን ባለማወቅ የድቅል ዶሮ እንቁላል አስታቅፎ ዘር አገኘሁ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ትውልድ ተስፋ የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ደረጃ 4፦ ሴቶቹን ከማንኛውም አውራ ለይታችሁ 21 ቀን ጠብቁ

ከመመሪያው ሁሉ በጣም የሚዘለለው ደረጃ ይህ ነው። ሴት ዶሮ አውራው ካጠቃት በኋላ የዘር ፈሳሹን በእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦዋ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ታስቀምጣለች፤ በየቀኑ የሚወጣውንም እንቁላል ከዚያው እየቆጠበች ታዳብራለች። አውራው ከተለየ በኋላ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ጫጩት የሚሆን እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ዛሬ ከገበያ የገዛችኋት ወይም ትናንት ከአሮጌው አውራ የለያችኋት ሴት በሚቀጥለው ሳምንት የምትጥለው እንቁላል የአዲሱ አውራ ነው ማለት አይቻልም።

እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት አንድ ሙሉ ወቅት ካቃጠልሁ በኋላ ነው። ሦስት ሴቶችን ከመንጋው አውጥቼ በአራተኛው ቀን ከመረጥሁት ቀይ አውራ ጋር አገናኘኋቸው። ከተፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ጥቁር ሆነው ሲያድጉ አውራው ድብቅ ጥቁር ይዟል ብዬ ደምድሜ አረድሁት። ቀይ አውራ ጥቁርን ደብቆ ሊይዝ እንደማይችል የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነበር፤ የጫጩቶቹ አባት ቀድሞ በመንጋው ውስጥ የነበረው ጥቁር አውራ ነው። ጥሩ አውራ በከንቱ ጠፋ፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ሴቶቹን ወደ ማዳቀያው ክፍል አስገቡና ቀኑን ጻፉ።
2. 21 ቀን ሙሉ ማንኛውም አውራ አይጠጋቸው። ከቻላችሁ 28 ቀን አቆዩ።
3. በዚህ ጊዜ የሚጣለውን እንቁላል ብሉት ወይም ሽጡት፤ አታስታቅፉት።
4. በመካከሉ አንድ አውራ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ከገባ ቆጠራውን እንደገና ከ1 ጀምሩ።

የእኔ ምክር ይህን ሥራ በጥቅምትና በኅዳር እንድትጀምሩ ነው። ዝናቡ ስለሚቀንስ ጉዝጓዙ ይደርቃል፤ ከዚያም በላይ ቡና በየግቢው በሚሰጣበት በዚያ ወቅት ጎረቤቶቻችሁም ዶሮዎቻቸውን ስለሚያጉሩ የሚዞር አውራ ይቀንሳል። ቀደም ብላችሁ ጎረቤታችሁን በትሕትና አነጋግሩ፤ ምን እየሠራችሁ እንደሆነ የተረዳ ጎረቤት አውራውን አስሮ ይተባበራችኋል።

ደረጃ 5፦ የቀለሙን አወራረስ ከማገናኘታችሁ በፊት አስሉ

ገናናና ድብቅ

ዶሮ አብዛኞቹን ዘረመሎች በጥንድ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ወርሷል። ለልጁ ግን ከጥንዱ አንዱን ብቻ፣ ያውም በዕጣ ይሰጣል። አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ ራሱን የሚያሳየውን ገናና፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካልሆኑ በቀር የማይታየውን ደግሞ ድብቅ እንበለው። ገናናውን የያዘ ዶሮ ከሥሩ ድብቅ ሊኖረው ይችላል፤ ድብቁን የሚያሳይ ዶሮ ግን ገናናውን አልያዘም። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በዚህ ላይ ይቆማል።

ቀይ አውራ ቀይ እናት አያስፈልገውም

በአንድ ዓይነት ዘረመል አውራውና ሴቷ የተለያየ መልክ ይኖራቸዋል። ደረቱ ጥቁር፣ አንገቱና ጀርባው ቀይ የሆነ አውራ እህቱ አብዛኛውን ጊዜ የቆቅ ላባ የመሰለ ቡናማ ናት። ስለዚህ ቀይ ወንዶችን ለማግኘት የምትፈልጉ ከሆነ ደማቅ ቀይ ሴት ስትፈልጉ አትድከሙ፤ እንዲያውም ያቺ ብዙ ሰው የሚንቃት ቡናማ ሴት የምትፈለገው ናት።

ጥቁር

ሙሉ ጥቁር ቀለም በቀይ ላይ ገናና ነው። ንጹሕ፣ ማለትም ከሥሩ ድብቅ የሌለው ጥቁር ከቀይ ጋር ሲገናኝ ጫጩቶቹ በሙሉ ጥቁር ይሆናሉ፤ ወንዶቹ ብዙ ጊዜ በአንገታቸውና በክንፋቸው ላይ ወርቃማ ወይም ቀይ ላባ ያወጣሉ። እነዚህን ቅይጦች እርስ በርስ ብታገናኙ ከ4 ጫጩት 3ቱ ጥቁር፣ 1ዱ ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ቅይጡን ከንጹሕ ቀይ ጋር ብታገናኙ ግን ግማሽ በግማሽ ይሆናል፤ ቀይ ለሚፈልግ ሰው አጭሩ መንገድ ይህኛው ነው።

ከቀይ አውራና ከቡናማ ሴት ሙሉ ጥቁር ጫጩት አድጎ ካያችሁ ዘረመሉን ከመመርመራችሁ በፊት የአጥሩን ቀዳዳ ፈልጉ።

ነጭ ሁለት ዓይነት ነው

ብዙ ስሌት የሚበላሸው በነጭ ዶሮ ነው። ነጭ ሌግሆርንን በመሰሉ ዶሮዎች ላይ ያለው ነጭ ገናና ነው፤ ጥቁርን አጥብቆ ያጠፋል፤ ቀይን ግን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። አንድ ጊዜ ብቻ ወርሶት ቀይ ዘር ያለው ጫጩት ስለዚህ ነጭ ሆኖ በደረቱና በክንፉ ላይ ቀይ ያሳያል። ሌላው ነጭ ድብቅ ነው፤ ከቀይ ጋር ሲገናኝ ጫጩቶቹ በሙሉ ባለ ቀለም ይሆኑና እነሱ እርስ በርስ ሲገናኙ ነጩ በልጅ ልጆች ላይ ከ4 በ1ዱ ተመልሶ ይወጣል።

የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ነጩን ዶሮ ከቀይ ጋር አገናኝታችሁ ጫጩቶቹን እዩ፤ ነጮች ከወጡ ገናና ነው፤ አንድም ነጭ ካልወጣ ድብቅ ነው። ድብቅ ነጭ ከሥሩ ጥቁርም፣ መስመርም ሊሸፍን ስለሚችል ከነጭ እናት ጥቁር ጫጩት ቢወጣ አትደንግጡ።

አመድማ

ጥቁሩ የሳሳ የሚመስል አመድማ ዶሮ አንዳንዱ አንድ ጊዜ ሲወረስ አመድማ፣ ሁለት ጊዜ ሲወረስ ደግሞ ጥቁር የተረጨበት ነጭ የሚያደርግ ዘረመል ይዟል። በዚህ ዓይነት ሁለት አመድማዎች ሲገናኙ በአማካይ ከ4 ጫጩት 1ዱ ጥቁር፣ 2ቱ አመድማ፣ 1ዱ ነጭማ ይሆናሉ። ስለዚህ «ንጹሕ አመድማ ዘር» ለማውጣት ዓመታት የሚደክም ሰው የማይገኝ ነገር እየፈለገ ነው። አመድማ ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ጥቁሩን ከነጭማው አገናኙ፤ ሁሉም አመድማ ይሆናሉ። አመድማው ከጥቁር ጋር ተገናኝቶ ጫጩቶቹ በሙሉ ጥቁር ከሆኑ ግን ያላችሁ ሌላ ዓይነት፣ ድብቅ የሆነው አመድማ ሊሆን ይችላል።

መስመር ያለው ላባና የጫጩት ጾታ

በዶሮ ዘንድ የጫጩቱን ጾታ የምትወስነው እናቲቱ ናት። አውራው ሁለት ዜድ ክሮሞዞም (ዘረመሎችን የሚሸከም የሕዋስ ክፍል) ሲኖረው ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ አላት፤ ሴት ጫጩት ዜዷን የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ወንድ በዛብኝ ብሎ አውራውን የሚለውጥ ሰው ስለዚህ ጥፋቱን የሚጥለው በማይመለከተው ላይ ነው።

ኮኮክ በሚባለው የዶሮ ዝርያ ላይ የምናየው ነጭና ጥቁር እየተፈራረቀ የሚሄድ መስመር በዚሁ ዜድ ላይ የሚገኝ ገናና ዘረመል ነው። መስመር የሌለው ጥቁር አውራ ከኮኮክ ሴቶች ጋር ሲገናኝ ወንዶቹ ጫጩቶች ባለ መስመር፣ ሴቶቹ ያለ መስመር ይሆናሉ። በተፈለፈሉበት ቀን ወንዶቹ በጥቁሩ አናታቸው ላይ ነጭ ነጥብ ሲኖራቸው ሴቶቹ የላቸውም፤ ጾታ ለመለየት ወራት መጠበቅ አያስፈልግም። አቀማመጡን ከገለበጣችሁትና ኮኮክ አውራ ከተራ ሴቶች ጋር ካገናኛችሁ ግን ሁሉም ባለ መስመር ስለሚሆኑ ይህ ጥቅም ይጠፋል። ገናና ነጭ የያዘ አውራም መስመሩን ስለሚሸፍነው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የአካባቢያችን ገብስማ ዶሮ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። በአንድ ስም የምንጠራው ገብስማ ከብዙ የተለያዩ ዘረመሎች ጥምረት ሊመጣ ስለሚችል፣ ሁለት ገብስማዎች አንድ ዓይነት ልጅ ይወልዳሉ ብላችሁ ቃል አትግቡ።

ድርብ ኩክኒ

ድርብ የምንለው ኩክኒ አንዱ ዓይነት ሰፊና ጠፍጣፋ፣ በላዩ ጥቃቅን እብጠት የሞላበትና ወደ ኋላ በሹል የሚያልቅ ነው፤ ሌላው ሦስት ዝቅተኛ ተርታዎች ያሉት ነው። ሁለቱም በነጠላ ላይ ገናና ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ የወረሰ ዶሮ ደግሞ ጉብ ያለ ሌላ ቅርጽ ያወጣል። ባለ ድርብ አውራችሁ ነጠላን ደብቆ ይዞ ከሆነ ከነጠላ ሴቶች ጋር ሲገናኝ ግማሾቹ ጫጩቶች ነጠላ ይሆናሉ፤ ከመሰሉ ቅይጥ ሴቶች ጋር ሲገናኝ ደግሞ ከ4 በ1ዱ።

ንጹሕ መሆኑን ለመፈተን ከነጠላ ሴቶች ጋር አገናኙት። አንድ ነጠላ ጫጩት ከወጣ ፈተናው አልቋል፤ ቅይጥ ነው። ቅይጥ አውራ 7 ተከታታይ ጫጩቶችን በሙሉ ድርብ የማድረግ ዕድሉ ከ128 አንድ ብቻ ስለሆነ፣ 7ቱም ድርብ ከሆኑ ንጹሕ ነው ብላችሁ ሥሩ።

እዚህ ላይ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሰፊውን ጠፍጣፋ ኩክኒ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ አውራ የዘር ፈሳሹ እንቅስቃሴ ደካማ ስለሚሆን የማዳቀል ብቃቱ ዝቅ ይላል። ሴቶቹ ላይ ይህ ችግር የለም። ገበያው ድርብ ስለሚፈልግ ብቻ በየትውልዱ ድርብን ከድርብ የሚያገናኝ አርቢ ሳያውቀው ፍሬ የሌለው እንቁላል እያበዛ ይሄዳል። ስለዚህ ለማዳቀያ ቅይጡን አውራ መያዝ ወይም ጥቂት ጥሩ ነጠላ ሴቶችን በመንጋው ማቆየት ይሻላል፤ ጥቂት ነጠላ ጫጩት መቀበል የዚህ ዋጋ ነው።

ፈጽሞ የማይገናኙ

እግራቸው ከተፈጥሮ እጅግ ያጠረ ሁለት ዶሮዎችን አታገናኙ፤ ዘረመሉን ሁለት ጊዜ የወረሰው አንድ አራተኛ ጫጩት እንቁላሉ ውስጥ ይሞታል። ላባቸው ወደ ውጭ የተጠቀለለ ሁለት ዶሮዎችንም አታገናኙ፤ ከልጆቻቸው ዘረመሉን ሁለት ጊዜ የወረሱት ላባቸው እየተሰበረ በብርድ ይጎዳሉ። አንገተ መላጣ ዶሮ ለሞቃት ቆላ ይጠቅማል፤ ለጅማ አየር አስፈላጊነቱ አይታየኝም።

ደረጃ 6፦ አገናኙና እንቁላል ሰብስቡ

አውራውን ወደ ሴቶቹ በምሽት፣ በቆጥ ላይ ካረፉ በኋላ አስገቡ፤ በማለዳ አብረው ሲነሡ ጠብ ይቀንሳል። ለማስፈልፈል የምትይዙትን እንቁላል አውራው ከገባ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ሰብስቡ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ልቀሙ፤ በእያንዳንዱ ላይ የእናቲቱን ምልክትና ቀኑን በእርሳስ ጻፉ። አትጠቡት። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡና ከ7 ቀን በላይ አታቆዩት።

አውራው አንዷን ሴት ብቻ የሚከተል ከሆነ ያቺን ሴት ለጥቂት ቀን አውጧት። ሴቶቹ ጀርባቸው ከተላጠ ወይም ከቆሰለ የአውራውን የእግር ሹል ጫፍ በሞረድ አደንዝዙ፤ ቁስሉ እስኪድን ለዩአቸው። ጨርሶ ካላጠቃ ጤናውን፣ ከዚያ ቅማሉን፣ ከዚያ ክብደቱን ፈትሹ፤ የወፈረ አውራ ሰነፍ ነው።

ደረጃ 7፦ አስፈልፍሉ

የአገር ውስጥ ዝርያ ታቃፊ ዶሮ ከ10 እስከ 13 እንቁላል በሚገባ ትሸፍናለች። የሁለት የተለያዩ ጥንዶችን እንቁላል በአንዲት ታቃፊ ሥር አትቀላቅሉ፤ ከተፈለፈሉ በኋላ መለየት አይቻልም። ሌላ ዶሮ ገብታ እንዳትጥልባት ታቃፊዋን ለብቻዋ አድርጉ። በ7ኛው ቀን ማታ በእጅ ባትሪ እንቁላሉን ከታች አብሩበት። የደም ሥር የሸረሪት ድር መስሎ ከታየ ሕያው ነው፤ ጥርት ብሎ ካበራ አልዳበረም፤ አንድ የደም ክብ ብቻ ከታየ ጽንሱ ሞቷል። ያልዳበረውን ቁጥር መዝግቡ፤ ከ10 እንቁላል 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርጣሬው በአውራው ላይ ነው፤ በተለይ ባለ ድርብ ኩክኒ ከሆነ ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አስታውሱ። ብዙዎቹ ዳብረው በኋላ ከሞቱ ግን ዝምድናን ወይም የእናቲቱን ቀለብ መርምሩ።

መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን፤ እርጥበቱን ከ50 እስከ 55 ከመቶ ጠብቁ፤ እንቁላሉን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ አገላብጡ። በ18ኛው ቀን ማገላበጥ አቁሙና እርጥበቱን ወደ 65 ወይም 70 ከመቶ አሳድጉ። መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትክፈቱ፤ የአየር ማስገቢያውን ሳትደፍኑ በብርድ ልብስ ሸፍኑት። በ21ኛው ቀን ጫጩቱ ቅርፊቱን በስቶ ሳይወጣ ቢቆይ በችኮላ አትላጡት፤ የደም ሥሩ ገና ካልደረቀ ይደማል።

ደረጃ 8፦ ጫጩቶቹን መዝግባችሁ በትዕግሥት ፍረዱ

ጫጩት በተፈለፈለበት ቀን ሦስት ነገር ጻፉ፤ የአባትና የእናት ምልክት፣ የጸጉሩ ቀለም፣ አናቱ ላይ ነጥብ መኖር አለመኖሩ። የኩክኒው ዓይነት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቅርብ ለሚያይ ሰው ይለያል። የላባ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ ስለሚለወጥ እስከ 5 ወር ድረስ አትፍረዱ፤ ቡናማ ሆኖ ያደገ ወንድ ወደ ቀይ የሚዞረው የጎልማሳ ላባውን ሲያወጣ ነው። በሁለት ወሩ «ቀለሙ አልወጣም» ተብሎ የተሸጠ ጥሩ አውራ ብዙ ነው።

በጥቂት ጫጩት አትደምድሙ። ከ4 በ1ዱ ይወጣል የተባለ ቀለም በ8 ጫጩቶች ውስጥ ጨርሶ የማይታይበት አጋጣሚ ከ10 አንዱ ነው፤ ጫጩቶቹ 16 ሲሆኑ ከ100 ወደ አንድ ይወርዳል። ስለዚህ ድብቅ ቀለም የለም ለማለት ቢያንስ 16 ጫጩት እስኪቆጠር ታገሡ።

ውጤቱ ከስሌታችሁ ጋር ካልተስማማ በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ፦ መጀመሪያ የ21 ቀኑ መለያየት መፈጸሙን፣ ቀጥሎ ሌላ አውራ መግባት አለመግባቱን፣ ከዚያ እንቁላሉ ወይም ጫጩቱ መቀላቀል አለመቀላቀሉን፣ በመጨረሻም ዘረመሉን።

ደረጃ 9፦ ያለፈውን ዘር አስቀጥሉ

ከወንዶቹ ጫጩቶች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ምርጦች አቆዩ፤ አንዱ ቢሞት ዘሩ አይቋረጥም። አባትየውን ለሴት ልጆቹ አትተዉለት። ሁለት ወይም ሦስት ማጎሪያ ካላችሁ ሴት ልጆቹን በተወለዱበት ክፍል አስቀሩና ወንዶቹን ወደሚቀጥለው ክፍል አዛውሩ፤ በየዓመቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ። አንድ ማጎሪያ ብቻ ላለው ሰው ከሌላ አርቢ ጋር አውራ መለዋወጥ ግድ ነው፤ ሲለዋወጥም የደብተሩን ቅጂ አብሮ ይስጥ፤ የተቀበለውም አውራ ወደ ሴቶቹ ከመግባቱ በፊት 14 ቀን ለብቻው ይቆይ፤ በዚያው ጊዜ ሴቶቹ 21 ቀናቸውን ይቁጠሩ።